የዓሣ ምልክት በጥንታውያን ክርስቲያኖች ዘንድ፤ ስለ ተለመደው አተረጓጐም የቀረበ ሂስ

ስለ ዓሣ ምልክት አዘውትሮ የሚነገረው ታሪክ ይህ ነው። በስደት ዘመን ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ አንዱ በአሸዋ ላይ አንድ ጐባጣ መስመር ይሥላል፤ ሁለተኛው ክርስቲያን እንደ ሆነ ሌላውን መስመር ጨምሮ ዓሣ ያደርገዋል፤ በዚህም ይተዋወቃሉ ይባላል። ታሪኩ ያማረ ነው። ዳሩ ግን ይህን የሚመሰክር አንድ የዚያ ዘመን ጸሐፊ ስንኳ አልተገኘም።

የተገኘው ምስክር ወደ ሌላ ይመራናል። የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ በ200 ዓ.ም. ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ክርስቲያኖች በማኅተም ቀለበታቸው ላይ ርግብ፣ ዓሣ፣ መርከብ፣ በገና ወይም መልሕቅ እንዲያስቀርጹ መክሯል። የሰጠውም ምክንያት የጣዖት ፊት፣ ሰይፍና የመጠጥ ጽዋ ለክርስቲያን ማኅተም አይገባም የሚል ነው እንጂ፣ በዓሣው ተደበቁ የሚል አይደለም።

በዚያው ዘመን የካርታጎው ጠርጡልያኖስ ስለ ጥምቀት ሲጽፍ ምእመናንን በውሃ የሚወለዱ ትንንሽ ዓሦች ብሏቸዋል። በፍርግያ የአቤርክዮስ የመቃብር ጽሑፍ ደግሞ፣ ስባሪዎቹን ራምሴ በ1883 ያገኛቸው፣ ዓሣ ከኅብስትና ከወይን ጋር ለምግብ እንደ ቀረበ ይናገራል። በሮማም በካሊስቱስ የምድር ውስጥ መቃብር ዓሣ ከኅብስት ቅርጫት ጋር ተሥሎ ይታያል።

ሌሎች ግን ምልክቱን ከፊደል ጥበብ ብቻ ያስወልዱታል። ዓሣ በግሪክ «ኢክቱስ» ነው፤ አምስቱም ፊደላት «ኢየሱስ ክርስቶስ ቴኡ ኡዮስ ሶቴር»፣ ማለትም «ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ መድኃኒት» ለሚሉት ቃላት መነሻ ናቸው። አውግስጢኖስ ይህን «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ አብራርቷል። ነገር ግን ፊደላቱ የሚገጥሙት በግሪክ ብቻ ነው፤ በግዕዝ ወይም በአማርኛ ቢሞከር ዓሣ አይወጣም። ጠርጡልያኖስም የግሪኩን ስም ቢጠቅስም፣ በላቲን ለሚያነቡት ምሳሌውን ያጸናው ዓሣ ከውሃ ወጥቶ በሕይወት ስለማይኖር ነው። ስለዚህ የፊደሉ ጥበብ ለምልክቱ ማጽኛ ሆነ እንጂ ብቸኛ ምንጩ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የአሸዋው ታሪክ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት ግን አይደለም። ስደቱ እውነት ነበር፤ አቤርክዮስም የጻፈው በተሸፈነ አነጋገር ነው፤ የሚያስተውል ሁሉ እንዲጸልይለትም ይለምናል። ይሁን እንጂ መሸፈን ሁሉ መደበቅ አይደለም። በቋንቋችን «ምሥጢር» የሚለው ቃል ሁለቱንም ይይዛል፤ ከሰው የሚሰወረውን ነገር ምሥጢር እንላለን፤ ጥምቀትንና ቁርባንንም ምሥጢር እንላለን። ዓሣው ምሥጢር የሆነው በሁለተኛው ፍች ነው። የመተዋወቂያ ምልክት ብቻ ነው ካልን፣ ስደቱ ሲያበቃ ትርጕሙም አብሮ ያበቃል። የጥምቀትና የቁርባን ምሳሌ ነው ካልን ግን፣ ለስደተኛውም በሰላም ለሚኖረውም ያው አንድ ነው። የጥንቱ ማስረጃም የሚደግፈው ይህኛውን ነው።