ምሽግና ከበባ

እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ስለ ኦቲዝም ሁለት መጻሕፍት ታተሙ። አንደኛውን የጻፉት በቺካጎ የሕሙማን ሕፃናት ትምህርት ቤት አለቃ የነበሩት ብሩኖ ቤተልሃይም ናቸው፤ ስሙም «ባዶው ምሽግ» ይባላል። ሁለተኛውን የጻፉት የእንግሊዝኛ መምህርና የአራት ልጆች እናት የሆኑት ወይዘሮ ክላራ ክሌቦርን ፓርክ ናቸው፤ ስሙን «ከበባ» ብለውታል። ሁለቱም ምሳሌያቸውን ከጦርነት ወሰዱ፤ ፍቺው ግን ፈጽሞ የተራራቀ ነው።

ቤተልሃይም ሕፃኑ ከሰው የራቀው ወላጆቹ ባይኖር ብለው በልባቸው ስለ ተመኙ ነው ይላሉ። እርሳቸው ራሳቸው በ1938ና በ1939 በዳካውና በቡኸንዋልድ ታስረው የናዚን ግፍ ስለ ቀመሱ፥ የሕፃኑን ዝምታ ከእስረኛው ዝምታ ጋር አመሳሰሉት። አጻጻፉ ያማረ ነው፤ ጉዳቱም የመጣው ከዚሁ ነው። አንባቢ በምሳሌው ተማርኮ ማስረጃው ወዴት አለ ሳይል ያልፋልና። ሕፃኑ እስረኛ ከሆነ እናቲቱ የማንን ስፍራ ይዛለች? በዮሐንስ ወንጌል በዘጠነኛው ምዕራፍ ደቀ መዛሙርት ስለ ዕውሩ ጠይቀው ጌታ የዘጋውን በር፥ ይህ መጽሐፍ በሳይንስ ስም መልሶ ከፈተው።

ወይዘሮ ክላራ ግን ያዩትን ይጽፋሉ። መጽሐፉ የሚጀምረው ኤሊ ተብላ የተጠራችው ሕፃን በወለሉ ላይ አንዲት ነጥብ በዳዴ እየዞረች ብቻዋን ስትደሰት በማሳየት ነው። የሚያስጨንቀውም ይኸው ደስታ ማንንም አለመፈለጉ ነው። ቧንቧ ለመክፈት እጅዋ የማይጸና መሆኑን ባዩ ጊዜ፥ እናቲቱ እጃቸውን በእጅዋ ላይ ደርበው አብረው ይከፍታሉ፤ ኃይላቸውን ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ፤ በመጨረሻም ልጅቱ ራስዋ ትከፍታለች። ለቸኰለ አንባቢ ይህ ሁሉ ትረካ ስለ አንድ ቧንቧ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ለሚያሳድግ ወላጅ ግን ከብዙ የሐኪም ንግግር ይበልጣል። ምክር ፈልገው በሄዱበት ስፍራ እንደ ተከሳሽ መመርመራቸውን የሚተርከው ክፍልም ያለ ስድብ የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ ይበልጥ ይወጋል።

ሆኖም ነቀፋ አይቀርለትም። አራት ምዕራፎች «በፈቃድ የሆነ ድካም»፥ «በፈቃድ የሆነ ዕውርነት»፥ «በፈቃድ የሆነ ደንቆሮነት»፥ «በፈቃድ የሆነ ብቸኝነት» ተብለዋል። ሕፃን በፈቃዱ ይደነቍራልን? ይህ ቃል እናቲቱ ከተቃወሙት ወገን ሳያውቁት የወሰዱት ይመስላል። ከበባ የሚለው ስምም ቢሆን ከቅጥሩ ውስጥ እንቢ የሚል ሰው አለ ማለት ነው። በርናርድ ሪምላንድ የተባሉ የኦቲዝም ልጅ አባት ነገሩ ከአእምሮ ተፈጥሮ የመጣ መሆኑን በ1964 ጽፈው ነበር፤ በ1977ም ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር 21 ጥንድ መንታዎችን መርምረው፥ ፍጹም ከሚመሳሰሉት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ሲኖርባቸው፥ ከማይመሳሰሉት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም እንዳልተገኘ ገለጡ። ነገሩ የዘር እንጂ የእናት ፍቅር ማጣት አለመሆኑ ከዚያ ወዲህ እየጠራ ሄደ። በ1943 ስለ 11 ሕፃናት ጽፈው ሁኔታውን ያስታወቁት ሐኪም ሊዮ ካነርም፥ ቀድሞ የወላጆችን ቅዝቃዜ ያነሡ ሲሆኑ፥ በ1969 በወላጆች ጉባኤ ፊት ቆመው ከበደሉ ነጻ አደረጓቸው።

በኢትዮጵያም ብዙ እናት ልጅዋ እርግማን አለበት ስትባል ትሰማለች፤ የእናትነትን ፍርድ የሚሰጠው ጎረቤትም እንደ ቤተልሃይም ባለ ትምህርት አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፥ እርሳቸውም የኦቲዝም ልጅ እናት የነበሩት፥ በ2002 በአዲስ አበባ የ«ጆይ» ማዕከልን ያቋቋሙት እንዲህ ባለ ወሬ መካከል ነው።

ወይዘሮ ክላራ በ2001 «ከኒርቫና መውጣት» የተባለ ሁለተኛ መጽሐፍ አወጡ። ልጅቱ አድጋ በኮሌጅ የደብዳቤ ክፍል ትሠራለች፥ ቤቶችንና ድልድዮችን በደማቅ ቀለም ትሥላለች፤ እናቲቱ ግን ተፈወሰች አይሉም። ንባቡ ከፊተኛው ይቀላልና ጊዜ ያጠረው ከዚህ ቢጀምር አይጎዳም፤ የቧንቧው ነገር የሚገኘው ግን በፊተኛው ነው።