«ጃንጎ» እና የድንበሩ አንባቢ

በገዳሪፍ፣ በኒው ሀልፋና በከሰላ የሚኖር የአማርኛ አንባቢ በዙሪያው ስላለው ሕይወት የሚናገር ልብ ወለድ ቢፈልግ፣ በዐረብኛ የተጻፈ አንድ ትልቅ ሥራ ያገኛል። ይኸውም የዐብዱልአዚዝ በረካ ሳኪን «ጃንጎ፤ የምድር ምስማሮች» ነው። ደራሲው በ1963 እ.ኤ.አ. በከሰላ ተወልዶ፣ ለኒው ሀልፋ ቅርብ በሆነችው በኸሽም አልግርባ የኖረ ነው። መጽሐፉ በ2009 እ.ኤ.አ. በጠይብ ሳሌሕ ስም የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ በሱዳን ታገደ። በ2015 ደግሞ በአዲል ባቢክር ተርጓሚነት በእንግሊዝኛ ወጣ።

ጃንጎዎች ከቦታ ቦታ የሚዞሩ የጉልበት ሠራተኞች ናቸው። በአንዱ ወቅት ሰሊጥ ያጭዳሉ፣ በሌላው ሸንኮራ አገዳ ይቆርጣሉ፣ በሌላው ከሰል ያከስላሉ፤ መጠሪያቸውም ከሥራቸው ጋር ይለወጣል። ደራሲው ከንፈር አይመጥላቸውም፤ አይፈርድባቸውምም። የአተራረኩ ብልሃት ወሬ ነው። አንዱ ድርጊት በተለያዩ አንደበቶች እየተነገረ መልኩን ይለውጣል፤ እውነቱን የመለየቱ ሥራ ለአንባቢው ይተዋል። ይህ ለድንበር ሰው እንግዳ አይደለም፤ በዚያ ማን ከየት እንደመጣ የሚታወቀው ከወረቀት ይልቅ በወሬ ነውና።

የሚያከራክረው የሐበሻዋ ሴት ሥዕል ነው። ተራኪው የሚወዳት አለም ግሺ ገላዋን ሸጣ የምትተዳደር ኢትዮጵያዊት ናት። «ስማችንን አጠፋ» ብሎ መጽሐፉን የሚዘጋ አንባቢ አይታጣም። ይህ አንባቢ ግን ሳያውቀው ከአጋጁ ጋር ይስማማል፤ ሁለቱም ልብ ወለድን በገጸ ባሕርያቱ መተዳደሪያ ይመዝናሉ። መጠየቅ ያለበት፣ ሴቲቱ የራሷ ድምፅ አላት ወይ የሚለው ነው። ታሪኳ በአብዛኛው የሚደርሰው በሚወዳት ወንድ አንደበት ነው፤ የመጣችበት አገርና ቋንቋ ከበስተጀርባ ይቀራል። የመጽሐፉ ጉድለትም እዚህ ላይ ነው።

ከኤርትራዊት እናትና ከኢትዮጵያዊ አባት ተወልዶ ልጅነቱን በሱዳን የስደተኞች ካምፕ ያሳለፈው ሱለይማን አዶንያ፣ በ2018 በእንግሊዝኛ ባሳተመው «ዝምታ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው» ውስጥ የካምፑን ልጅ ሳባን የታሪኩ እምብርት አድርጓታል። ፍላጎቷም ሆነ የመማር ጉጉቷ የራሷ ናቸው። ሁለቱ መጻሕፍት ጎን ለጎን ሲነበቡ የአንዱ ጉድለት በሌላው ይገለጣል።

ሁለቱም ግን በአማርኛ አልተጻፉም። መተማን ተሻግሮ ለአጨዳ የመጣው ወጣትና በገዳሪፍ ጀበና ጥዳ የምታድረው ሴት በገዛ ቋንቋቸው ሊነገር የሚገባው ብዙ ታሪክ አላቸው። «ጃንጎ»ን አንብቦ መወያየት ለነቀፋ ወይም ለውዳሴ ብቻ ሳይሆን፣ ያልተጻፈውን ለይቶ ለማወቅም ይጠቅማል።