ስለ ፍለጋ መመሪያና ስለ ካዛንቺስ ሱቆች የቀረበ ሂስ

ጉግል የተባለው የፍለጋ ድርጅት ለድረ ገጽ ባለቤቶች ያዘጋጀው የመነሻ መመሪያ መጀመሪያ የወጣው በ2008 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ በ2024 እ.ኤ.አ. ታርሞ አጠር ባለ መልክ ቀርቧል። የመመሪያው ዓላማ፥ ሰው የሚፈልገውን ነገር በስልኩ ጽፎ ሲጠይቅ የአንድ ንግድ ቤት ገጽ ተሸሽጎ እንዳይቀር የሚያስፈልገውን መሠረታዊ ሥራ ማስተማር ነው። ይህንንም ሥራ ባለሙያዎቹ ኤስ.ኢ.ኦ. ይሉታል። በከተማችን ለትንንሽ ነጋዴዎች በሥልጠናም ሆነ በክፍያ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ የዚሁ መመሪያ ቅጂ ወይም የቅጂው ቅጂ ይመስላል፤ ስለዚህ ምንጩን መርምሮ መተቸት ተገቢ ሆኖ ይታየኛል። መመዘኛዬም አንድ ነው፤ ይኸውም ጽሑፉ በካዛንቺስ ላለ፥ ወይም በካዛንቺስ ለነበረ ሱቅ ምን ያህል ይበጃል የሚል ነው።

በቅድሚያ የሚመሰገንበትን እንናገር። መመሪያው አንደኛ የሚያደርግ ምሥጢር እንደሌለ በግልጽ ይናገራል። ለገጹ አጭርና እውነተኛ ርዕስ ስጥ፥ ለሥዕሉ መግለጫ ጻፍለት፥ የምትጽፈውም ለሰው የሚጠቅም ይሁን ይላል። ከዚህም አልፎ ሰዎች በከንቱ የሚደክሙበትን ሥራ ለይቶ ያሳያል። በገጹ ስውር ክፍል የሚደረደሩትን ቁልፍ ቃላት ድርጅቱ ለደረጃ እንደማይጠቀምባቸው ያስታወቀው ገና በ2009 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ስለ ጽሑፍ ርዝመትም የተወሰነ የቃላት ቍጥር የለም። ሆኖም ዛሬም እነዚህኑ ስውር ቃላት ሞልቶ ገንዘብ የሚቀበል ሰው አይጠፋም። ባለ ሱቁ ይህን ክፍል ብቻ እንኳ ቢያነብ ኪሱን ያድናል።

ችግሩ የሚጀምረው መመሪያው ስለ ቋንቋ በሚናገርበት ስፍራ ነው። አንድን የምግብ ዓይነት አዋቂው በአንድ ስም፥ ሌላው ሰው በሌላ ስም ሊፈልገው እንደሚችል በምሳሌ ካሳየ በኋላ፥ የድርጅቱ መሣሪያ ቋንቋን አዛምዶ የመረዳት ችሎታ ስላለው እያንዳንዱን አነጋገር ገምቶ መጻፍ አያስፈልግም ብሎ አንባቢውን ያጽናናል። ይህ ማጽናኛ የተጻፈው እጅግ ብዙ ጽሑፍ በሞላበት በእንግሊዝኛ ዓለም ተቀምጦ ነው። ወደ አማርኛ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። የሠርግ ዕቃ የሚያከራይ ሰው ሥራውን በአራት መንገድ ሊጽፈው ይችላል፤ ሠርግን በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ፥ ዕቃን በዓይኑ ዐ ወይም በአልፋው አ። ጸጉር አስተካካዩም ቢሆን ደንበኛው በጸሎቱ ጸ ጽፎ ይፈልገው ወይም በፀሐዩ ፀ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። በዚህ ላይ የቃሉ አገባብ ይጨመራል። ካዛንቺስ፥ በካዛንቺስ፥ የካዛንቺስ ሲባል ለእኛ ስሙ አንድ ነው፤ መሣሪያው ግን ሁልጊዜ አንድ አድርጎ ያየዋል ብሎ ሱቅን ያህል ነገር በዚህ እምነት ላይ መጣል አይገባም።

አማርኛ በፍለጋ ዓለም ዘግይቶ የደረሰበትም ምክንያት አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የጋራ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን በመሰሉት ፕሮግራሞች ይጻፍ የነበረው ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ከውስጡ የላቲን ምልክት ነበር፤ ስለዚህ ፈልጎ ለማግኘት አይመችም ነበር። ዛሬ ይህ ችግር ሲቃለል ሌላ ተተክቷል። ብዙ ሱቆች ዋጋውንም ስልኩንም አድራሻውንም በፎቶግራፍ ላይ ጽፈው ይለጥፋሉ። ሥዕሉ ለቴሌግራም ደንበኞች ይበቃ ይሆናል፤ በድረ ገጽ ላይ ግን በፊደል ያልተጻፈ ጽሑፍ እንዳልተጻፈ ሊቈጠር ይችላል።

እንግዲህ አራቱን አጻጻፍ በተርታ መደርደር ነውን? አይደለም፤ ይህ መመሪያው በትክክል የነቀፈው የቃላት ክምር ነው። የሚሻለው አንዱን አጻጻፍ በርዕሱ ላይ ማጽናት፥ ሌላውን በገጹ ጽሑፍ መካከል በተፈጥሮው ቦታ ማግባት ነው። አንድን ቃል በአንድ ገጽ ላይ በሁለት ፊደል መጻፍ የአማርኛ መምህሮቻችንን እንደሚያስቈጣ አውቃለሁ። ነገር ግን ደንበኛው ፈተና ሊቀመጥ አልመጣም።

የቦታው ስም ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ያሠራ ከነበረው፥ ኢንቺስ ከተባለው ተቋም ነው፤ የኢንቺስ ቤቶች እንደ ማለት ነው። ከባዕድ ቋንቋ በጆሮ የተቀበልነው ስለ ሆነ በአማርኛ ካዛንቺስም፥ ካሳንቺስም፥ ካዛንችስም ተብሎ ይጻፋል። በላቲን ፊደል ሲሆን አንዱ በኬ፥ ሌላው በሲ ይጀምረዋል፤ መካከሉንም አንዱ በዜድ፥ ሌላው በኤስ ይጽፈዋል። አማካሪዎች የክፍለ ከተማህን ስም በርዕሱ ላይ አግባ የሚሉት ምክርም እዚህ ላይ ያሰናክላል። ካዛንቺስ በአስተዳደር በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፤ ነገር ግን ቂርቆስ ወይም ጨርቆስ ሲባል የአዲስ አበባ ሰው የሚያስበው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለውን ሰፈር ነው። የካዛንቺስ ልብስ ሰፊ ቂርቆስ ብሎ ብቻ ቢጽፍ ለመንግሥት ወረቀት ትክክል ነው፤ ደንበኛውን ግን ወደ ሌላ ሰፈር ይልከዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መመሪያው ፈጽሞ ያላሰበው ጉዳይ ነው። መመሪያው ሱቁ ቆሞ የሚቆይ ነገር ነው ብሎ ይነሣል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ፈረሰ፤ ከነዋሪዎቹም ከፊሎቹ ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። በመንገድ አላፊ ደንበኛ ይኖር የነበረ ትንሽ ሱቅ በአንድ ጊዜ መንገዱንም ጎረቤቱንም አጣ። አድራሻው ከእገሌ ሕንፃ ጀርባ የሚል ከነበረ፥ ሕንፃው ሲፈርስ አድራሻውም አብሮ ፈረሰ።

ጉግል በካርታ ላይ ንግድ ቤቶችን ሲያስቀድም በዋናነት ሦስት ነገሮችን ይመዝናል፤ ከጥያቄው ጋር መስማማትን፥ ርቀትንና ታዋቂነትን። እንግዲህ ወደ ከተማው ዳር የወጣ ልብስ ሰፊ፥ ካዛንቺስ ቆሞ ልብስ ሰፊ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከፊት ሊታይ የሚችልበት ዕድል ጠባብ ነው፤ ርቀቱ ይፈርድበታል። የቀረው ሀብት ስሙ ነው። የድሮው ደንበኛ በሥራው ዓይነት ሳይሆን በስሙ ይፈልገዋልና። ስለዚህ ለዚህ ነጋዴ የመጀመሪያው ሥራ ቁልፍ ቃል ማጥናት አይደለም፤ ስሙን በድረ ገጹ፥ በካርታው መዝገብ፥ በቴሌግራሙና በሰሌዳው ላይ አንድ ዓይነት አድርጎ መጻፍ ነው። የካርታው መዝገብ ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። ሱቁ ሲዛወርም አዲስ መዝገብ ከመክፈት የነበረውን አድራሻ ማረም ይሻላል፤ ሁለት መዝገብ ደንበኛውን ወደ ፈረሰው ቦታ ይወስደዋልና።

ድረ ገጹም ሱቁ ቀድሞ በካዛንቺስ ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ላይ እንደ ነበረ፥ አሁንም የት እንዳለ በግልጽ ዐረፍተ ነገር ይናገር። ይህን በመዝገቡ ስም ላይ መቀጠል የድርጅቱ ደንብ ይከለክላል፤ በመግለጫውና በገጹ ጽሑፍ ውስጥ ግን ቦታው ነው። ምልክትም ሲጠቀስ እንደ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ወይም በ1961 እ.ኤ.አ. እንደ ተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ያለውን፥ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን መምረጥ ይበጃል።

መመሪያው አንዳንዱ ለውጥ በጥቂት ሰዓት፥ አንዳንዱ ደግሞ በብዙ ወር ውስጥ ፍሬው እንደሚታይ ይናገራል። ለትልቅ ድርጅት ወራት ምንም አይደሉም፤ አዲስ ኪራይ ለጀመረ ልብስ ሰፊ ግን ካፒታሉን በልቶ የሚጨርስበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ስልክ ቍጥሩን ሳይለውጥ ይዞ መቆየቱና ለቀድሞ ደንበኞቹ ራሱ መደወሉ ከማንኛውም የገጽ ማሻሻያ ይቀድማል። መመሪያው ስለዚህ አንድ ቃል አለመናገሩ ያስነቅፈዋል።

በዚህ ኮሌጅ ያሉ ተማሪዎች ሊሠሩት የሚገባ ጥናትም እዚሁ ላይ አለ። ጸጉር አስተካካይን በሁለቱም ጸ፥ የሠርግ ዕቃን በአራቱም አጻጻፍ፥ ካዛንቺስንም በሦስቱም መንገድ እየፈለጉ የሚመጣውን ዝርዝር ጎን ለጎን ማነጻጸር የሁለት ከሰዓት ሥራ ነው። ውጤቱም መመሪያው የሰጠው ማጽናኛ ለአማርኛ ምን ያህል እንደሚሠራ በቍጥር ያሳያል።