የሴሉሎስ ስሌትና የመንዝ ኩበት

ብራድበሪ፣ ሳካይና ሻፊዛዴህ በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጡት የሴሉሎስ መፈራረስ ስሌት ምስጋና ይገባዋል። በዝግታ የሞቀ ሴሉሎስ ወደ ከሰልና ጋዝ፣ በፍጥነት የሞቀው ግን ሌቮግሉኮሳን የተባለው ውሑድ ወደሚበዛበት እንፋሎት ለምን እንደሚያደላ በተወዳዳሪ መንገዶች አስረድቷል። ዳሩ ግን የተመረመረው ንጹሕ ሴሉሎስ ነበር። በመንዝ ደጋ፣ እንጨት ሲጠፋ የሚነደው ኩበት ሊግኒን አለበት፤ አመዱም ብዙ ነው። በአመዱ ያለው ፖታሲየም፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ሌቮግሉኮሳኑን ቀንሶ ከሰሉን ያበዛል። ወፍራም ኩበት ደግሞ ላዩ ሲነድ ልቡ ገና በመሞቅ ላይ ነው፤ ሁለቱም መንገዶች በአንድ ኩበት ውስጥ ይሄዳሉ። ስሌቱን እንዳለ ወስዶ የምድጃን ጭስ መተመን እንግዲህ ያሳስታል፤ ጭሱን የምትምገው ደግሞ ተማሪው ሳይሆን እናቱ ናት። ጓደኞቻችን አንዱን ኩበት በአሲድ አጥበው፣ ሌላውን ሳያጥቡ፣ በእኩል ፍጥነት ያሙቁት።