«ጉሮሮህን አላላው»፦ በድምፅ ሕክምና አሰጣጣችን ላይ የቀረበ ሒስ

በሐይቅ እስጢፋኖስ አካባቢ ያደገ አንድ ወጣት የዜማ ተማሪ፣ ድምፁ ጎርንኖ ከአንድ ወር በላይ ስለቆየ፣ ከአጎቱ ጋር ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣ። ኦቲዝም እንዳለበት አስቀድሞ ተነግሮኝ ነበር። ከ4 ሳምንት በላይ የዘለቀ መጎርነን ምርመራ የግድ ስለሚለው ማንቁርቱ ታየ፤ ከድምፅ አውታሮቹ እብጠት በቀር የሚያሰጋ ነገር አልተገኘም። የቀረው የድምፅ ልምምድ ነበርና እንደተማርኩት «ወደኔ ተመልከት፤ እንደኔ አድርግ፤ ጉሮሮህን አላላው» አልኩት። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «አላላው፣ አላላው» እያለ ደጋገመ። እኔም በካርዱ ላይ «አይተባበርም» ብዬ ጻፍኩ።

የዚህ ሒስ ዒላማ ያ ቃል ነው። የተለመደው ልምምዳችን ተገልጋዩ ዓይን ለዓይን እንዲያይ፣ በጉሮሮው ውስጥ ያለውን ውጥረት ለይቶ እንዲያውቅ፣ ዘይቤያዊ አነጋገርም እንዲገባው ይጠይቃል። የአእምሮ አሠራራቸው ከብዙኃኑ የተለየ ሰዎች ብዙዎቹ የሚቸገሩት በእነዚሁ ነው። ቃል መደጋገሙንም እንደ እምቢታ መቁጠሬ ስሕተት ነበር፤ ፕሪዛንት እና ዱካን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያለው መደጋገም ተራ መቀበያ፣ እሺታ ወይም ለራስ መመሪያ መስጫ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል።

አጎቱ ግን በትሕትና «ዶክተር፣ የኔታ ፊቱን አያዩትም፤ ከጎኑ ተቀምጠው ምልክቱን በጣታቸው ያሳዩታል» አሉኝ።

በእርግጥም የዜማው ትምህርት እኛ የጎደለንን ይዟል። ቅደም ተከተሉ አይለዋወጥም፤ መደጋገም እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ትምህርት ይቆጠራል፤ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ የመሳሰሉት ምልክቶች ደግሞ የድምፁን አካሄድ ለዓይን ያሳያሉ። ይህን ስል ጉባኤውን ያለ ነቀፋ አላልፈውም። የብዙ ድምፆች መደባለቅ ለእንዲህ ያለው ልጅ ሥቃይ ነው፤ ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ማዜም ማንቁርትን ይጎዳል፤ አርጩሜውንም ማንም ሐኪም አይደግፈውም።

በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ነፍስ ኄር ወ/ሮ ዘሚ የኑስ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ የድምፅ ማስተማሪያ ማዘጋጀታቸው የሚታወስ ነው። ሐኪሞች ግን ከእንዲህ ያለው የአገር ውስጥ ልምድ ይልቅ «ውጤቱ ተለክቷል ወይ?» ወደሚለው ጥያቄ እንቸኩላለን። እ.ኤ.አ. በ2017 በ9 አገሮች 364 ሕፃናትን ያሳተፈ ጥናት የሙዚቃ ሕክምና የኦቲዝም ምልክቶችን ክብደት በጉልህ እንዳልቀነሰ ዘግቧል። በ2022 የታተመው የኮክሬን ግምገማ፣ 26 ጥናቶችን አጠቃሎ፣ የተሻለ ተስፋ ሰጥቷል። ሆኖም በሽተኛዬ ወደኔ የመጣው ኦቲዝሙ እንዲቀንስለት አልነበረም፤ ድምፁ እንዲመለስለት እንጂ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ከጎኑ ተቀመጥኩ። አራቱን የልምምድ ደረጃዎች በወረቀት ጻፍኩለት፤ ሳላስታውቅ አንገቱን አልነካሁም። ስትሮ በውኃ ብርጭቆ ውስጥ አግብቶ ድምፅ እያወጣ ሲነፋ አረፋውን እያየ ትንፋሹን ራሱ መጠነ። ድምፁን ቀስ እያለ እንዲያወርድም ድፋትን ሣልኩለት፤ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ለየኔታ ልጁ በየመሐሉ እንዲያርፍ የሚጠይቅ ደብዳቤ ላክሁ። እሳቸውም «ዕረፍቱ በቁጥር ይጻፍልኝ፤ ልጁ ቁጥር ይወዳል» ብለው በአጎቱ በኩል መለሱልኝ። 20 ደቂቃ ዜማ፣ 10 ደቂቃ ዝምታ ብዬ ጻፍኩላቸው።