በጓንት የሚዳሰስ ሙት፣ በባዶ እግር የሚረገጥ አሸዋ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 የደቡብ ኮሪያው የኤም.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ ዘጋቢ ፊልም አቀረበ። የፊልሙ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «አገኘሁሽ» እንደ ማለት ነው። በፊልሙ ውስጥ አንዲት እናት እ.ኤ.አ. በ2016 በ7 ዓመቷ በሕመም የተለየቻትን ልጇን በኮምፒዩተር በተሠራ ዓለም ውስጥ ታገኛታለች። ልጅቱ እየሮጠች ትመጣለች፣ እናቷን ታነጋግራለች፤ እናቲቱም እጇን ዘርግታ ልትዳስሳት ትሞክራለች። ይህ ትዕይንት በኢንተርኔት ተሰራጭቶ በብዙ አገሮች በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ተመልክቶታል።

ሥራው በሌላ አገርና በሌላ ቋንቋ የተሠራ ቢሆንም ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኢየሩሳሌም ለመድረስ በሱዳን በኩል በእግር ከተጓዘው ወገናችን ወደ 4,000 የሚጠጋው በመንገድና በመጠለያ ሰፈሮች አልቋል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ፎቶግራፍ እንኳ አልተዉም፤ የብዙዎቹም መቃብር የት እንደ ሆነ አይታወቅም። እንግዲህ ሙታንን በምስል አስነሥቼ እጅ ለእጅ አገናኛለሁ የሚል ጥበብ ሲመጣ፣ እንደኛ ያለ ሐዘንተኛ ማኅበረሰብ ሊመረምረው ይገባል።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። እናቲቱ የቆመችው አረንጓዴ በሆነ ባዶ ክፍል ውስጥ ነው። ዓይኗን የሚሸፍን መነጽር አድርጋለች፣ በእጆቿም ጓንት አጥልቃለች። የልጅቱ መልክ ቤተሰቡ ካስቀመጣቸው ፎቶግራፎችና የቪዲዮ ምስሎች ተጠንቶ የተሠራ ሲሆን፣ እንቅስቃሴዋ ግን የተቀዳው ከሌላ ሰው አካል ነው። ሥራው ወደ 8 ወር ያህል ፈጅቷል። እናቲቱ ራሷን ባዞረች ቁጥር ኮምፒዩተሩ ዓለሙን ወዲያው እንደ አዲስ ይሥለዋል። በዚህ ዓይነት መነጽር ምስሉ በሰከንድ እስከ 90 ጊዜ ያህል ይታደሳል። ተራው ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ብቻ አሳይቶ ዓይናችንን እንደሚያሳምን ካስታወስን፣ ይህኛው ዓይንን ማሸነፉ አያስደንቅም።

የአዘጋጆቹን በጎ ሥራ መካድ አይገባም። ልጅቱን ብዙ አላስለፈለፏትም። የልደት ማዕድ አቀረቡላት፣ ሻማ አበሩላት፣ በመጨረሻም አልጋዋ ላይ ተኝታ እንቅልፍ ሲወስዳት ነጭ ቢራቢሮ እንድትሆን አደረጉ። ስንብቱ ልክ አለው፤ ሞትንም ሞት አይደለም ብሎ አይክድም። እናቲቱ ራሷ አጭር ቢሆንም የደስታ ጊዜ እንደ ነበር ተናግራለች። በእርሷ ሐዘን ላይ ፈራጆች አይደለንም። የምንተቸው ሥራውን ነው።

ሥራው የሚደናቀፈው እጅ ላይ ሲደርስ ነው። እጅ እንደ ዓይን በቶሎ አያምንም። የዳሰሳን ስሜት በመሣሪያ ለማስመሰል የሚሠሩ መሐንዲሶች አንድን ጠንካራ ነገር የነካን እንዲመስለን መሣሪያው ኃይሉን በሰከንድ 1,000 ጊዜ ያህል ማስተካከል እንዳለበት ይናገራሉ። ይህም ለዓይን ከሚበቃው ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ጓንት ጣትን ሊያንዘረዝር ይችላል፤ የ7 ዓመት ልጅ ክብደት ግን የለውም፤ ሲያቅፉትም ደረት አይሞላም። እናቲቱ ልጇን ለመዳበስ እጇን ስታመላልስ ካሜራው አንድ ጊዜ ከልጅቱ ጋር፣ ሌላ ጊዜ ባዶውን ክፍል ያሳየናል። በዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ የምናየው አየር የምትዳብስ ሴት ነው። የፊልሙ እውነተኛ ሥዕል ይህ ነው እንላለን።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። ባሏና ሌሎች ልጆቿ እዚያው ተቀምጠው እያዩ ያለቅሳሉ። እርሷ ግን ዓይኗ ስለ ተሸፈነ አታያቸውም። በኛ ባህል ለቅሶ የሚቀመጥ ሰው ብቻውን አይተውም። ጎረቤት ይመጣል፣ ዘመድ ከሩቅ ይደርሳል፣ ሐዘንተኛዋን ግራና ቀኝ ሆነው ይደግፏታል። ፊልሙ ሊዳሰሱ የሚችሉትን ሕያዋን በተመልካችነት አስቀምጦ፣ ልትዳሰስ የማትችለውን ሙት መሐል አቆመ። ዋናው ስሕተቱ በቴክኒኩ ድክመት ሳይሆን በዚህ አደራደር ላይ ነው።

አባቶቻችን ለመንካት ትልቅ ክብደት ይሰጡ ነበር። በኢትዮጵያ ሳለን፣ ኦሪት ዘኍልቁ ምዕራፍ 19 እንደሚያዝዘው፣ ሬሳ የነካ ሰው ለ7 ቀን ተለይቶ ይቆይ፣ በውሃም ነጽቶ ወደ ሰው ይመለስ ነበር። ሙትን መንካት ዋጋ የሚያስከፍል ተግባር ነበር፤ የነካውም ሰው ዋጋውን እያወቀ ለሟቹ ክብር ሲል ይነካ ነበር። በጓንት የሚደረገው መንካት ግን መነጽሩ ሲወልቅ ያበቃል።

እጅ ፈጽሞ አይታለልም ማለታችን ግን አይደለም። ይስሐቅ በድምፁ ጠርጥሮ ሳለ በዳሰሰው ጠጉር ተታሏል። ሆኖም ያዕቆብ በእጁ ላይ ያደረገው እውነተኛ የፍየል ቆዳ እንደ ነበር ልብ እንበል። እጅን የሚያሳምነው እውነተኛ ነገር ነው። ይህንን የተረዳ አንድ ሌላ ሥራ ስላለ፣ ከኮሪያው ጋር ማነጻጸሩ ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የሜክሲኮው የፊልም ዳይሬክተር አሌሃንድሮ ጎንሳሌስ ኢኛሪቱ «ሥጋና አሸዋ» የሚል ትርጉም ያለው ሥራ በካን ፊልም ፌስቲቫል አቀረበ። በዚያው ዓመት የኦስካር ልዩ ሽልማት ተሰጠው። ጎብኚው ብቻውን ይገባል። አስቀድሞ ድንበር ጠባቂዎች ስደተኞችን የሚያቆዩባቸውን ክፍሎች በሚመስል ብርዳም ክፍል ውስጥ ጫማውን ያወልቃል። ቀጥሎ መነጽር አድርጎ በባዶ እግሩ አሸዋ ላይ ይቆማል። በዙሪያው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ተነሥተው ወደ አሜሪካ ለመሻገር በረሃውን የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ፤ የተሠሩትም ከእውነተኛ ስደተኞች ታሪክ ነው። ሄሊኮፕተር ከላይ ያንዣብባል፤ የታጠቁ ድንበር ጠባቂዎችም ይደርሳሉ። ትዕይንቱ 6 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው።

በዚህ ሥራ ጎብኚው ስደተኞቹን በእጁ እንዲዳስስ አልተጋበዘም። ወደ አንዱ ሰው አካል ገብቶ ቢቆም የሚመታ ልብ ያያል፤ ያም ይህ ሰው የአንተ መጫወቻ አይደለም የሚል ይመስላል። የሚዳሰሰው ነገር ግን ሁሉ እውነተኛ ነው፤ ብርዱ ብርድ ነው፣ አሸዋውም አሸዋ ነው። በሱዳን መንገድ የተጓዙ ወገኖቻችን ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ሳይነገራቸው ያውቁታል።

ይሁን እንጂ ይህም ሥራ ያለ ነቀፋ አይታለፍም። ከ6 ደቂቃ ተኩል በኋላ ጎብኚው ጫማውን አድርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ጥማትና ረኀብ፣ ልጅ ቀብሮ መንገድ መቀጠልም አልደረሰበትም። እውነተኛው አሸዋ እንደ ፍየሉ ቆዳ «የስደትን መከራ ቀመስሁ» ብሎ ራሱን እንዲያታልል ሊያደርገው ይችላል። ቢሆንም ከሁለቱ እንምረጥ ብንባል አሸዋውን እንመርጣለን። ምክንያቱም የሌላውን መከራ ጥቂት እንኳ በራሳችን አካል እንድንሸከም ያደርጋል እንጂ፣ የሞተ ሰው መልክ አበድሮ መልሶ አይወስድም።

ይህን የምንጽፈው ለወጣቶቻችን ጭምር ነው። በኮምፒዩተር ሙያ የሠለጠኑ ልጆች ከመካከላችን እየወጡ ነው፤ ነገ ከነርሱ አንዱ የሱዳንን መንገድ በዚህ ጥበብ ልሥራ ብሎ ይነሣ ይሆናል። መልካም ነው፤ ምክራችንም አጭር ነው። መሬቱን ሥሩት፤ የሌሊቱን ጨለማ፣ የኡም ራኩባን አቧራ፣ የውሃ ወረፋውን ሥሩት። ሙታኑን ግን አታናግሯቸው። ያልተናገሩትን ቃል በአፋቸው የሚያኖር ማንም መብት የለውም፤ የሚናገሩላቸው ወላጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች በሕይወት አሉና ድምፁ የእነርሱ ይሁን። የነዚህን ሽማግሌዎች ቃል መቅረጽ ደግሞ መነጽርም ጓንትም አይጠይቅም፤ ተራ ስልክ ይበቃል፤ ዕድሜያቸው እየገፋ ነውና ዛሬውኑ ይጀመር።

እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሄርጽል ተራራ ላይ ለነዚያ ሟቾች የቆመ መታሰቢያ አለን። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ወገናችን እዚያ ይሰበሰባል፤ ቄሶች ይጸልያሉ፣ እናቶች ያለቅሳሉ፣ ልጆችም እናቶቻቸውን ደግፈው ይቆማሉ። በዚህ በዓል እስካሁን ያልተገኙ ወጣቶች በሚመጣው ዓመት እንዲገኙ እናሳስባለን።