ተማሪው የመረጠው መጽሐፍና የእኛ ጥያቄ

ካኩማ ውስጥ ትምህርት የሚሰጠው በኬንያ ሥርዓተ ትምህርት፣ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ የአማርኛ ልብ ወለድ ይዞ ሲመጣ ማንም አላዘዘውም፤ ፈተናም አይወጣበትም። ወዶ ነው። ታዲያ እኛ መምህራን ምን እንለዋለን? አብዛኛውን ጊዜ «ከመጽሐፉ ምን ትምህርት አገኘህ?» እንላለን። ልጁም የምንፈልገውን ስለሚያውቅ «ፊውዳሊዝም መጥፎ መሆኑን» ብሎ ይገላገለናል። ጨዋታው እዚያው አለቀ ማለት ነው።

ለምሳሌ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንውሰድ። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው ያላነበበውም ሰው ያውቀዋል። ተማሪዎቻችን የሚያነሱት ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ፍቅር ብለው ነው። አንዳንዶቻችን ይህን እንንቃለን። እኛ ግን ፍቅሩ በሩ ነው እንላለን፤ በበሩ ያልገባ ቤቱን አያይም።

ጥያቄያችንን ቀይረን «የት ቦታ ላይ ቆም አልክ?» ስንል መልሱ ይለያያል። አንዱ የሚቆመው ስለቱ ላይ ነው። የበዛብህ እናት ልጄ ካደገልኝ ለቤተ ክርስቲያን እሰጠዋለሁ ብላ ተሳለች። ልጁ ሳይጠየቅ ዕድሉ ተቆረጠ። አንዷ ደግሞ የምትቆመው ፊታውራሪ መሸሻ የዘር እኩያ አጣሁላት እያሉ የሰብለን ዕድሜ ሲያሳልፉት ነው። እነዚህ ልጆች ሌላ ሰው ስለ እነሱ ሲወስን ማየት አዲስ አይሆንባቸውም።

መጽሐፉ የተከበረ ነው ብለን ተማሪው እንዳይተቸው መከልከልም አይገባም። «ጉዱ ካሳ ንግግር ያበዛል» ያለ ተማሪ ተሳስቷል? አልተሳሳተም። አንዳንድ ቦታ ላይ ደራሲው ራሱ በካሳ አፍ እንደሚሰብክ ያስታውቃል። ሆኖም አገሩ በሙሉ አብዷል ያለው ሰው ከሁሉ ይልቅ አስተዋይ መሆኑን ያው ተማሪ ልብ ካለ፣ ከብዙ ማስታወሻ የበለጠ አንብቧል።

መጨረሻውም ያከራክራል። ፍቅረኞቹን የለያቸው የመኳንንቱ ሥርዓት ሆኖ ሳለ በዛብህን መንገድ ላይ ወንበዴዎች ይጎዱታል። «አጋጣሚ ነው፣ ታሪኩን ያላላዋል» የሚል ሐያሲ ቢኖር ክርክሩ ውሃ ያነሳል። መንገድ ያየ ተማሪ ግን እንዲህ አይልም። ከቤቱ የተባረረ ሰው መንገድ ላይ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃላ! ለእሱ ወንበዴውም የዚያው ሥርዓት ተቀጥላ ነው። ይህን ንባብ እኛ አላስተማርነውም፤ እንዲያውም ከእሱ ልንማረው ይገባል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «አንተስ መንገድ ላይ ምን ደረሰብህ?» ብለን አንጠይቅ። ስለ በዛብህ ይናገር። ልብ ወለድ ከሚሰጠን ነገር አንዱ የራስን ቁስል ሳይገልጡ ስለ ቁስል መነጋገር መቻል ነው። ተማሪው የራሱን ማንሳት ከፈለገ ራሱ ያነሳዋል።

ባልደረቦቻችን ሆይ፣ ሦስት ነገር እናድርግ፦ ተማሪው የያዘውን መጽሐፍ እኛም እናንብብ፤ ማርክ አንስጥበት፤ «ምን ተማርክ?» ከማለታችን በፊት «የት ቆምክ? ምኑስ አልጣመህም?» እንበል። ከዚያ ዝም ብለን እናዳምጥ።